የስድስት መቶ ሰላጣ ምዝገባ

ሰላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ አንድም ተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። አንድም! የሚያለቅስ አባት መጥቷል፣ የሐኪም ወረቀት የያዘች እናት መጥታለች፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ የበላይ አለቃዬ የወንድሙን ልጅ እየጎተተ መጥቷል። ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነበር፤ «ምዝገባ ተዘግቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ።» ተማሪዎቹ «ደወል» የሚል ስም አወጡልኝ። እነሱ ሊሰድቡኝ አስበው ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ይህን የማወራችሁ ልመካ ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመካ ፈልጌ ነው። ዋናው ነገር ግን ኋላ የሠራሁት ጉድ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓት በሞላ ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ደወል ይጮኻል፤ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ ሳሎን እንዳይሰቀል ከለከለች። «ሰላሳ አንድ ዓመት ያንተን ጩኸት ቻልኩ፤ አሁን ደግሞ ወራሹን ልቻል?» አለችኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ ይዛ ስትናገር አልከራከራትም። ስለዚህ ሰዓቱ ጓሮ ሄዶ፣ ልጃችን ችግኝ የምታፈላበት ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተሰቀለ።

ልጄ የዓሣና የሰላጣ ገበሬ ናት። አኳፖኒክስ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ታንከር ውስጥ ዓሣ ይረባል። ዓሣው ይበላል፣ ከበላ በኋላም ማንም በልቶ የሚያደርገውን ያደርጋል። ያ የቆሸሸ ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ በጠጠር ውስጥ ያልፍና ሰላጣው ወዳለበት ገንዳ ይገባል። ሰላጣው የሚፈልገውን ጠጥቶ፣ ውሃውን አጥርቶ ለዓሣው ይመልስለታል። አፈር የሚባል ነገር የለም። ሰላጣው በተበሳ ፎም ላይ ተሰክቶ፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ዘርግቶ ተንሳፎ ያድጋል። መጀመሪያ ስታስረዳኝ «ታዲያ እኛ የምንበላው ሰላጣ የዓሣ…» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ በዓይኗ አስቆመችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በስፌት ክፍሉ በር ሳልፍ ልጄ ለእናቷ ስታወራ ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፤ ጫማዬን ለማሰር ነው የቆምኩት። ሩቅ ከተማ ያለ አንድ የዓሣ ምርምር ድርጅት ሊቀጥራት ደብዳቤ ልኳል። መልሱን ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ደውላ እንድታሳውቅ ይፈልጋል።

«የከተማችን ሆቴል ሼፍ በየማክሰኞው ሃምሳ ራስ ሰላጣ እንዳመጣለት ነግሮኛል፤ ለአሥር ሳምንት» አለች ልጄ። «እሱ ከተሳካ እቀራለሁ እማዬ። ካልተሳካ እሄዳለሁ። ጓሮ ውስጥ ከዓሣ ጋር ስጫወት ዕድሜዬን አልጨርስም።»

ጫማዬን ሁለት ጊዜ አሰርኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ የማስረው አልነበረኝም። ያለን ልጅ እሷ ብቻ ናት። በየሰኞ ጠዋቱ ለስምንት መቶ ተማሪ ያለ ድምፅ ማጉያ ንግግር የማደርግ ሰው፣ ለአንዲት ልጄ «አትሂጂ» የምትል አንዲት ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለችኝ። ሳል መጣኝ፣ ሳልኩ፣ ሄድኩ።

በማግስቱ ሰኞ ልጄ የዓሣ ጫጩት ልታመጣ ወደ ማራቢያ ጣቢያ ሄደች። እስከ ቅዳሜ አትመለስም። ከመሄዷ በፊት ችግኝ ክፍሉ ውስጥ አስገባችኝና ከሰዓቱ ሥር የለጠፈችውን ወረቀት አሳየችኝ፤ አሥር ረድፍ፣ አሥር ሰኞ፣ አሥር ትሪ።

«አባዬ፣ ዛሬ አንድ ትሪ ብቻ ትዘራልኛለህ። ስድሳ ቀዳዳ፣ ስድሳ ፍሬ። ሃምሳው ለሼፉ፣ አሥሩ መጠባበቂያ። ሌላውን ዘር እንዳትነካ። ሁለተኛውን በሚቀጥለው ሰኞ እኔ እዘራዋለሁ።»

«ገብቶኛል።»

«ስንት ትሪ?»

«አንድ።»

«ስንት?» አለችና ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አቆመችው። ዘመኔን ሙሉ ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ግን ማንም የለም።

የመጀመሪያውን ትሪ እንደታዘዝኩት ዘራሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው። የኮኮናት ቃጫውን ውሃ አጠጥተህ ትጨምቀዋለህ፣ በየቀዳዳው ጠቅጠቅ ታደርገዋለህ፣ በረጠበ የጥርስ መፋቂያ ጫፍ አንዲት ፍሬ አንስተህ መሃሉ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ትንሽ አልብሰህ ውሃ ትረጫለህ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድሳውም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። በትሪው ጫፍ ላይ «ክፍል ሀ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቤ ነው የበላኝ።

አሥረኛው ትሪ የሚዘራው የመጀመሪያው ከተዘራ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ነው። ዘጠኝ ሳምንት! ደሜ ፈላ። ትምህርት ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ፈተና ተሰጥቶ፣ ወላጅ ተጠርቶ፣ ያኔ ነው እንግዲህ ይሄ ተማሪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚመጣው። እንዲህ ያለው መቼም ከጓደኞቹ አይደርስም፤ ክፍልም ያውካል። ዘሩ ደግሞ ፓኬት ውስጥ ያለ ሥራ ተኝቷል። ልጄ ገና ወጣት ናት፣ ብዙ ሐሳብ አለባት፣ ይህን ልብ ሳትለው ቀርታ ይሆናል አልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቶሎ ከተዘራ ቶሎ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። ቶሎ ከደረሰ ሼፉ ደስ ይለዋል፤ ሼፉ ደስ ካለው ልጄ አትሄድም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ማታ ከመድረሱ በፊት ከክፍል ሀ እስከ ክፍል በ አሥሩንም ትሪ ዘርቼ ጨረስኩ። ወገቤ ቀጥ ብሎ አልቆም አለ፤ ልቤ ግን ሞላ።

በአራተኛው ቀን በቀሉ። በየጠዋቱ እየገባሁ መገኘታቸውን እቆጥር ጀመር። ስድስት መቶ ተመዝግበው አምስት መቶ ዘጠና አንድ ተገኙ! እንዲህ ያለ ውጤት በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ አንድ ቀን ብቅ ብላ አየችና «እርግጠኛ ነህ አሥሩንም ነው ያለችህ?» አለችኝ። «ልጅቷ ስትመጣ ታመሰግነኛለች» አልኳት። ባለቤቴ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከእሷ ጥያቄ መማር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ልጄ በውሃ የተሞሉ ላስቲኮች ውስጥ የሚርመሰመሱ የዓሣ ጫጩቶች ይዛ ገባች። ደረቴን ነፍቼ በሩን ከፈትኩላት። አሥሩንም ትሪ አየች። ላስቲኮቹን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ሼፉ በሳምንት ስንት ነው የሚፈልገው?»

«ሃምሳ።»

«ይሄ ሁሉ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በአንድ ጊ…» ብዬ ቆምኩ።

«በአንድ ሳምንት ስድስት መቶ ሰላጣ ይደርሳል። ትንሽ ከቆየ ይመራል፣ አበባ ያወጣል፣ ማንም አይበላውም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሳምንት ባዶ እጄን ነው የምቆመው። ገንዳው የሚይዘው ሦስት መቶ ነው። ዓሣዎቹም ይህን ሁሉ አይመግቡም። ዘሩ ሙቀት የሚችል ልዩ ዘር ነው፤ አስመጪው ቀጥሎ የሚያመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ለምንድን ነው ግን ፓኬቱን ሙሉ ትቼልህ የሄድኩት? ያሳደገኝን ሰው አላውቀውም?»

ውሃ ሆንኩ። ይህ ንግግር ምሳሌያዊ ነው፤ የምር ውሃ ብሆንማ ቢያንስ ለዓሣዎቹ እጠቅም ነበር።

ጥፋቴን ላስተካክል ስል ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። አምስቱን ትሪ እድገታቸውን ላዘገይ ብዬ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ አስገባኋቸው። በአራት ቀን ውስጥ ብርሃን ፍለጋ አንገታቸው እንደ ክር ቀጥኖ ረዘመና ተያይዘው ወደቁ። መልሼ ሳወጣቸው ግማሹ በእንጨት ስንጣሪ ተደግፎ ቆመ፤ ክፍሉ የሆስፒታል ዋርድ መሰለ። ቀጥሎ፣ ዓሣዎቹ ብዙ ከበሉ ብዙ ይመግባሉ ብዬ ጠዋት ሁለት እፍኝ መኖ ጨመርኩ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። «የተረፈው መኖ ይበሰብሳል አባዬ። ዓሣው ያልቃል። እባክህ ምንም አትርዳኝ» አለችኝ። በጨዋ ደንብ፣ በቀስታ ነው ያለችኝ። ያ ነው አንጀቴን የበላኝ።

ከዚያ በኋላ በሥራ ብዛት ማንም አንገቱን ቀና ማድረግ አልቻለም። ችግኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመተከል ደረሱ። ፎሙ ሞላ። የቀሩት በባልዲ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ በአሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር የዓሣ ውሃ እየተቀዳላቸው ገቡ። ባለቤቴ ልብስ የምትዘፈዝፍበት አጥታ ከጎረቤት ሳፋ ተዋሰች። ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ቢላት «ባለቤቴ ትምህርት ቤት ከፈተ» አለች አሉ።

አራተኛው ዓርብ ደረሰ። ልጄ ከጠዋቱ ጀምራ አጎንብሳ ትተክላለች፤ ስልኳ ከጎኗ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እሷ ሳትደውል እኔ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ገና ያልተተከለውን ክፍል ሀ-ን በብብቴ ይዤ ለማንም ሳልናገር ወደ ሆቴሉ ሄድኩ።

የወጥ ቤቱ የኋላ በር ክፍት ነበር። እንፋሎት፣ የድስት ድምፅ፣ ነጭ ሽርጥ የለበሱ ሰዎች። ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌውን የጠቀለለ አንድ ሰው ቢላ ይስላል።

«ሼፉን ፈልጌ ነበር» አልኩ። «የሰላጣዋ ልጅ አባት ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቢላውን አስቀመጠ። «ደወል!» አለ። ወጥ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ይቅርታ ጋሼ ዳይሬክተር፤ አምልጦኝ ነው።»

ደስ አለኝ። የድሮ ተማሪ ካገኘሁ ነገሩ አለቀ ብዬ «ተማሪዬ ነበርክ ማለት ነው?» አልኩት።

«አልነበርኩም። ልሆን ነበር።»

ዱቄት የተበተነበት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነገረኝ። እህቱ ታማ ሆስፒታል ሲያስታምም አራት ቀን ዘግይቶ ለምዝገባ መጣ። «መዝገቡን ጧ አድርገው ዘጉት። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ‹ምዝገባ ተዘግቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ና› አሉኝ። ያን ዓመት እዚሁ ወጥ ቤት ሰሃን ሳጥብ ከረምኩ። በዓመቱ ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ግን ደወል በተደወለ ቁጥር ወደዚህ ድስት ነበር የምሮጠው። ይኸው ሼፍ ሆንኩ። ልስደብዎ ወይስ ላመስግንዎ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።»

ትሪው እጄ ላይ ከበደኝ። ሰበብ የለኝም። ሰበብ ስሰማ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የትኛውም እንደማይሠራ አውቃለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ሳላስበው አንቱ ብዬዋለሁ። ይህችን ቃል ሰላሳ አንድ ዓመት ከሰው አፍ ስቀበላት ኖሬ፣ ስሰጣት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አሥሩን ትሪ፣ ዕቃ ቤቱን፣ መኖውን፣ ሳፋውን። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ሥራዋን ታውቃለች። እርስዎ ውሉን ካፈረሱባት ልጄ ትሄድብኛለች» አልኩ።

«እንዳትሄድ እንደሚፈልጉ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲህ እዚያም ዘግይተዋል ማለት ነው።»

እሱ ወደ ትሪው ጎንበስ አለ፣ አንዷን ችግኝ በሁለት ጣቱ ነቀላት፣ ቅጠሏን አፉ ውስጥ ጨመረና ያላምጥ ጀመር። ከሀ ክፍል፣ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ አንድ ቀን ያልቀረች ተማሪዬን ዓይኔ እያየ በላት።

«ይሄ ለጋ ቅጠል ነው» አለ። «ይሄ እኮ ከትልቁ ሰላጣ ይበልጣል። እንግዶች አሁን የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው። ከላይ ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል አይደል?»

«ልጄ ሁለት ሦስቴ ያቆጠቁጣል ስትል ሰምቻለሁ።»

«በየማክሰኞው ለጋውን አምጡ። ግማሹን ደግሞ ተዉት፣ ራስ ሲያወጣ አምጡት። ሲያልቅባችሁ እኔ ሌላ ቦታ እገዛለሁ፤ አዲሱ ዘር ሲደርስላችሁ ተመለሱ፤ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል።» ጣቱን አነሳ። «ግን አንድ ነገር። የሚያመጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በዚህ በር።»

«አንድ ደቂቃ አላሳልፍም! ባሳልፍ በሩን ይዝጉብኝ።»

«አልዘጋብዎትም ጋሼ» አለና ሳቀ። «ዘግይተው ቢመጡም እቀበልዎታለሁ። እኔ ደወል አይደለሁም።»

ቤት እስክደርስ በእርጅና እግሬ ግማሹን መንገድ ሮጥኩ። ችግኝ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። ልጄና እናቷ አንድ ሳፋ መሃላቸው አድርገው አጎንብሰዋል። በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር መግቢያ ነበረው፣ ሦስት ነጥብ ነበረው፣ መደምደሚያ ነበረው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አትሂጂ።»

ልጄ ቀና አለች። «ምን አልከኝ?»

«አትሂጂ አልኩሽ። ሼፉ ተቀብሎናል፤ ለጋውን በልቶት ወደደው። ባይወደውም አትሂጂ። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ። ግን አትሂጂ።»

«ሰላሳ አንድ ዓመት ንግግር ያደረገው ሰውዬ ይኸው ነው?» አለች ባለቤቴ። ዓይኗን ግን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ልጄ እጇ ላይ የተጣበቀውን ቃጫ አራገፈች። «መልሱ እኮ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር አባዬ» አለች። «ስድስት መቶ ዘር በአንድ ቀን የሚዘራ ሰው ባለበት ቤት ስልክ መደወያ ጊዜ ከየት ይመጣል? ሥራ ላይ ሆኜ ረሳሁት። አለፈኝ።»

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ከሩብ ይላል። ከአናቷ በላይ፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው የተሰቀለው፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ስልኳ ደግሞ ጠዋት ካየሁት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ዕድሜ ልኬን የዘገዩ ተማሪዎችን ሰበብ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ረስቶ የዘገየንና ሆን ብሎ የዘገየን አንድ ጊዜ አይቼ እለያለሁ።

ምንም አልጠየቅኳትም።

«ቆመህ ከምታየኝ ቁጭ በል» አለችኝ። «ክፍል በ ገና አልገባም።»

ኮቴን አውልቄ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። ክፍል በ ዕቃ ቤት ውስጥ ከነበሩት አንዱ ነው፤ አንገቱ የቀጠነ፣ ግማሹ በስንጣሪ የተደገፈ፣ ከሁሉም ኋላ የቀረ። ከጓደኞቹ የሚደርስ አይመስልም። አንድ በአንድ አስገባሁት፤ ማንንም አልመለስኩም።